የመቃብሩ ኮርቻ

በፎንቴቻዎች ደጃፍ የምታልፉ ሰዎች አንገታችሁን አቅንታችሁ ከበሩ በላይ ያለውን ድንጋይ ታያላችሁ። አንድ ግንብ፣ ሁለት ተኩላ። ጠራቢው ተኩላዎቹን ውሻ አስመስሏቸዋል፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገራል። እኔ ኡራካ፣ የኮርቻ ሠሪው የአንቶሊን እህት፣ ያንን ድንጋይ ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ግንቡም ተኩላውም አይደለም። የሚታየኝ የጭነት ኮርቻ ነው። ይህ ቤት ትልቅ ቤት የሆነው በአንድ የጭነት ኮርቻ ነው፤ ኮርቻው ደግሞ የወንድሜ የእጅ ሥራ ነው። ሰምቼ አይደለም የማወራው፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ድሮ ሞንተሳርሳ ውስጥ ፎንቴቻ ማለት ስም ብቻ ነበር። ዶን ጉቲየሬ ፎንቴቻ የነበረው የሚያፈስ ጣሪያ፣ የተጣፈ ካባና ሁለቱንም የሚያስረሳ ኩራት ነው። ወደ ድንበሩ ጦርነት ሲዘምት ዕቃውን የጫነባት በቅሎ እንኳ የእኛ ናት። ለመለመን ግን እሱ ራሱ ደጃችንን አልረገጠም፤ አሽከሩን ላከ። ለምን ብትሉ፣ እህቱ ብሪያንዳ ወንድሜን አግብታ ነበር። የአባቷን የቆዳ ኮሮጆ ልታሰፋ መጥታ፣ ኮሮጆው ተሰፍቶ ካለቀ በኋላም ስትመላለስ፣ በመጨረሻ ቀረች። በአገራችን ሕግ የጨዋ ልጅ ባላገር ካገባች ባላገር ናት፤ ጨዋነቷን በባሏ ደጃፍ አውልቃ ትገባለች። ብሪያንዳም አወለቀች። በቤተ ክርስቲያን ከፊት ተነስታ ከእኛ ጋር ከኋላ ተቀመጠች።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ አልወደድኳትም። ወስፌ አያያዟ ያስቅ ነበር፤ ጣቷን ስትወጋ አንቶሊን ሮጦ ይጠባላታል፣ እኔ ደግሞ በንዴት እቃጠላለሁ። ኋላ ግን ለመደች። ሃያ ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር ገለባ ስትሞላ፣ ቆዳ ስትለፋ ኖረች። አንድ ቀን እንኳ «እኔ የነማን ልጅ» ስትል አልሰማኋትም። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፣ ቶዳ። ቶዳ የእናቷን አንገትና የእኔን ምላስ ይዛ ወጣች።

ዶን ጉቲየሬ ከጦርነቱ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ንጉሡ በከተማው ሸንጎ ወንበር፣ በወንዙ ላይ ወፍጮ ሰጡት። ጣሪያው ታደሰ፣ ካባው ተቀየረ። ያላገኘው ነገር ቢኖር ልጅ ነው። ሁለት ሚስት አግብቶ ሁለቱንም ያለ ልጅ ቀበረ።

አንድ ቀን በወይን ለቀማ ወራት ሃያ ሁለት ዓመት ያልረገጠው ደጃፋችን ላይ ቆመ። አንቶሊን ያኔ ሳሉ ጀምሮታል። «ከቤቱ ጌታ ጋር ብቻዬን ላውራ» አለና በሩን ዘጋብኝ። በገዛ ቤቴ። እስከ እኩለ ቀን ውጭ ቁጭ ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ሲወጣ እጅ ነሳኝ። እሱ ለእኔ። ያን ጊዜ ነው ነገር እንዳለ ያወቅሁት።

«ምን ፈልጎ ነው?» አልኩት ወንድሜን።

«ኮርቻ አዘዘኝ።»

«ዶን ጉቲየሬ? የጭነት ኮርቻ? ለየትኛዋ አህያው?»

«ጀርባዋ ስስ ለሆነች» አለኝና ሳሉ እስኪያቋርጠው ሳቀ።

ያን ክረምት ሙሉ በሥራ ቦታው ጥግ መጋረጃ ሰቅሎ ከኋላው ሲሠራ ከረመ። ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን የሰፋነው ሰዎች ነን፤ አሁን «ኡራካ፣ አትምጪ» ይለኛል። ተቀየምኩት። የታመመ ሰው ስለሆነ ዝም አልኩ እንጂ በጣም ተቀየምኩት። ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው አረፈ።

ስናጥበው የሠርጉን ሸሚዝ ላለብሰው ፈለግሁ። እናቴ ፈትላ ያስሸመነችው የተልባ እግር ሸሚዝ ነው፤ በአንገቱና በእጅጌዎቹ ጫፍ በሰማያዊ ክር ወፎች ጠልፋበታለች። ሳጥኑን ገለበጥኩት፣ የለም። አጣቢዎቹ ፊት ብሪያንዳን «ለማን ሰጠሽው?» አልኳት። መሬት መሬት እያየች «አላውቅም» አለች። ወንድሜ እንደ መንገደኛ በአቡጀዲ ተገንዞ ተቀበረ። ይህንን ይቅር አላልኳትም፤ ይቅር ለማለትም አላሰብኩም።

ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ እንደ አገራችን ወግ ዳቦና ጧፍ ይዤ በቅዱስ ሚያን ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ካለው የመቃብሩ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ቅዳሴ የምሰማው እዚያ ነው። እሱ ከታች፣ እኔ ከላይ።

የቅዱሳን ሁሉ በዓል ባለፈ በሳምንቱ የሰፈሩ ምድጃ ዘንድ ዳቦዬን ላወጣ ሄድኩ። ጋጋሪዋ ጎንትሮዳ አካፋዋን ተደግፋ ታየኛለች።

«ኡራካ፣ እንግዲህ ቻይው» አለችኝ።

«ምኑን ነው የምችለው?»

«አልሰማሽም እንዴ? እኔ እኮ ካንቺ ልሰማ ነበር የጠበቅሁት።»

«ጎንትሮዳ፣ ዳቦዬ እያረረ ነው። ተናገሪ።»

«ብሪያንዳ በፊታችን እሑድ መቃብሩን ልትመታው ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው። ክው አልኩ። ወጉን እናውቀዋለን፣ አያቴ ስታወራው ሰምቻለሁ፤ ግን እንደ ተረት ነበር የምሰማው። የባላገር ሚስት የነበረች የጨዋ ልጅ ባሏ ሲሞትባት ጨዋነቷን ልትመልስ ከፈለገች የጭነት ኮርቻ እንደ ከብት በጀርባዋ ትሸከማለች። ከባሏ መቃብር ሄዳ ድንጋዩን በኮርቻው ሦስት ጊዜ ትመታለች። በመታች ቁጥር «ባላገር፣ ባላገርነትህን ውሰድ፤ ጨዋነቴን መልስልኝ» ትላለች። ሦስቱን ከጨረሰች ባል እንዳላገባች፣ የአባቷ ልጅ ሆና ትነሳለች። በሁለተኛው ካቆመች ግን ሟቹ ረታ። ሁለተኛ ዕድል የላትም።

«ምን ሊረባት?» አልኩ።

«ንጉሡ ለዶን ጉቲየሬ ደብዳቤ ጻፉለት። ልጅ ስለሌለው ቤቱንና ስሙን ለእህቱ ልጅ ማውረስ ይችላል፤ እህቱ ጨዋ ከሆነች ብቻ። ቶዳሽ እመቤት ልትሆን ነው በይኛ። እኛንም እንዳትረሱን።» ዳቦዬን አውጥታ ሰጠችኝ። ከታች አሯል።

በቀጥታ ወደ ኮርቻ መሥሪያ ሱቃችን ሄድኩ። ብሪያንዳ ቁጭ ብላ ገለባ እየመረጠች ነው።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

እንድትክድልኝ ነበር የፈለግሁት። ብትክድ ለመጮህ ይመቸኝ ነበር።

«ሃያ ሁለት ዓመት አብረሽው ያደርሽውን ሰው በአህያ ዕቃ ልትደበድቢው?»

«ለቶዳ ነው።»

«ቶዳ አባት አላት።»

«አባቷ ሞቷል፣ ኡራካ። አጎቷ ግን አለ። ነገ እኔም ብሞት የሸንጎው ሰዎች እንደ ማንኛዋም ባላገር ልጅ ለፈለጉት ሥራ ያሰማሯታል፣ ለፈለጉት ይድሯታል። ስም ካላት ማንም አይነካትም።»

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። የወንድሜን ልጅ በቅሎ ልታደርጊያት ነው?»

እጇ ቆመ። ፊቷ ቀላ። «ቃል አለብኝ» አለች።

«ለማን?»

ወደ ገለባዋ ተመለሰች።

«ለዚያ ለወንድምሽ ነዋ። በእኛ በቅሎ ዘምቶ ጀግና ለሆነው።»

«አንቺ ስትቆጪ አንቶሊን ምን ይል እንደነበር ታስታውሻለሽ?»

«ስሙን በአፍሽ አትጥሪው።»

«ኡራካ ከተማውን ትቀሰቅሳለች ይል ነበር።»

«ልክ ብሏል። እሑድ ታዪዋለሽ።»

ቶዳ በነጋታው ዓይኗ ቀልቶ መጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «አክስቴ፣ እኔን እኮ ማንም አልጠየቀኝም» አለችኝ። አቅፌያት አብረን አለቀስን። የልቤን ግን አልነገርኳትም። እኔ አልወለድኩም። ቶዳ ፎንቴቻ ከተባለች ወንድሜን አባቴ ብሎ የሚጠራ አፍ በዚህ ምድር ላይ አይኖርም። አንዴ ቀበርኩት፤ ሁለተኛ ሊገድሉት ነው። ይህንን እያየሁ ዝም አልልም አልኩ፤ ደግሞም መላ ነበረኝ።

መላዬ ቀላል ነው። መቀመጥ።

እሑድ ጠዋት ገና ደወል ሳይደወል ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ዳቦዬን ከፊቴ፣ ጧፌን ከጎኔ አድርጌ። ቅዳሴው አለቀ፣ አንድ ሰው አልወጣም። የሞንተሳርሳ ሰው ሁሉ አለ፤ ጎንትሮዳ እንኳ ምድጃዋን ትታ መጥታለች። ዶን ጉቲየሬ ከጸሐፊው ጋር ከፊት ቆሟል። ትልቁ በር ተከፈተ።

እንደምትመጣ አውቃለሁ። ሳምንት ሙሉ ሳስበው ነው የከረምኩት። ግን ስትገባ ደርቄ ቀረሁ። ብሪያንዳ ባዶ እግሯን፣ አጎንብሳ፣ ኮርቻ በጀርባዋ ተጭኖ፣ ጠፍሩ ደረቷ ላይ ተጠልፎ ትራመዳለች። ያች በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንገቷን ደፍታ አይቻት የማላውቅ ሴት። አንድ ሰው ቢስቅ ደስ ባለኝ፤ ሰው ሲስቅ መሳደብ ይቻላል። ማንም አልሳቀም። አንድ ሽማግሌ አማተቡ፣ አንዲት ሴት ልጇን ዓይኗን ከለለቻት። የምሰማው የእግሯን ኮቴ ብቻ ነው።

ከፊቴ መጥታ ቆመች። ላብ ከግንባሯ ይንጠባጠባል።

«ተነሺ» አለኝ ዶን ጉቲየሬ።

«መቀመጫዬ ነው ጌታዬ። ከሥሬ ያለውን ይጠይቁት። እሱ ተነሺ ካለኝ እነሳለሁ።»

«አሽከር አስጠርቼ አስነሳሻለሁ።»

«ያስጠሩ። በቤተ ክርስቲያን ሴት ከወንድሟ መቃብር ላይ የሚያስጎትት ጨዋ አይቼ አላውቅም። ዛሬ ልይ።»

ከኋላ ማጉረምረም ተሰማ። ቄሱ አሳላቸው። ጸሐፊው ብዕሩን ማየት ጀመረ። ዶን ጉቲየሬ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው፤ እኔም አሸነፍኩ አልኩ በልቤ።

ያን ጊዜ ብሪያንዳ ኮርቻውን ልታወርድ ጎንበስ አለች። ጠፍሩን ስታላላ ኮርቻው ተንሸራቶ ጭኔ ላይ ወደቀ። አሽቀንጥሬ ልጥለው ያዝኩት። አልጣልኩትም። እጄ ከእኔ ቀድሞ አወቀ።

ቀለለኝ። የጭነት ኮርቻ ሁለት ሰው ያነሳዋል፤ ይህ በአንድ እጅ ይነሳል። ጠፍሮቹ አጭር ናቸው፤ በአገራችን በካስቲያ ምድር እንዲህ ያለ ጠባብ ደረት ያላት አህያ አልተወለደችም። ሙሌቱን ጫን አልኩት፦ የተበጠረ የአጃ ገለባ፣ አንድ እንኳ አገዳ የለበትም። የግራውን ጠርዝ ገለበጥኩ፦ ቀይ ክር፣ ድርብ ቋጠሮ። አንቶሊን ሥራ ሲጨርስ የሚቋጥራት ቋጠሮ ናት፤ ከእሱ በቀር ማንም አይቋጥራትም። ከዚያ ወደ ውስጥ አየሁ። በጀርባ በኩል ማቅ መሆን ሲገባው ነጭ የተልባ እግር ነው። በጥጉ ሁለት ሰማያዊ ወፎች አሉ።

የሠርጉ ሸሚዝ።

ቤተ ክርስቲያኑም፣ ሰዉም፣ ዶን ጉቲየሬም የት እንደገቡ አላውቅም። የሚሰማኝ የወንድሜ ሳቅ ብቻ ነው። ጀርባዋ ስስ ለሆነች። ሰውየው እየሞተ፣ በየስፌቱ ደም እየሳለ፣ ሚስቱ እሱን የምትመታበትን ዕቃ ትከሻዋን እንዳይልጣት አድርጎ ሠራላት። እኔ ደግሞ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀይሜ ቁጭ ብያለሁ።

«እሱ ነው አድርጊ ያለሽ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«አስምሎኝ ነው። ላንቺም እንዳልነግርሽ።»

«ለምን?»

ዓይኗን አሽሽታ መለሰችልኝ። «ኡራካ ለእኔ ስትል ቶዳን ዕድሜ ልኳን ኮርቻ ታሰፋታለች አለ።»

ተናደድኩ። በእሷ አይደለም፣ በእሱ። ከዚያ ደግሞ ልክ መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ። ተነሳሁ። ማንም እንዲይዘኝ አልፈቀድኩም። ዳቦውን ትቼው አንድ እርምጃ ፈቀቅ አልኩ።

ብሪያንዳ ኮርቻውን አነሳች። መታች። «ባላገር፣ ባላገርነትህን ውሰድ፤ ጨዋነቴን መልስልኝ።» ድምፁ በጣሪያው ዞረ። ሁለተኛ መታች። ቃሉን በሹክሹክታ አለችው፤ ሁሉም ግን ሰማው። ለሦስተኛው ኮርቻውን አነሳችና እጇ እዚያው ቀረ።

«ብሪያንዳ» አለ ወንድሟ።

አልሰማችውም። ድንጋዩን እያየች ታለቅሳለች። ክንዷ ወደ ታች መምጣት ጀመረ፤ ለመምታት አይደለም፣ ለማስቀመጥ ነው።

እዚህ ላይ አልዋሽም። ዝም ብል ኖሮ ረትቼ ነበር። አንድ ትንፋሽ ዝም አልኩ። ሁለተኛም ዝም አልኩ። ወንድሜ የእኛ ሆኖ ይቀራል፣ ቶዳ የእኛ ሆና ትቀራለች። ከዚያ እነዚያ ወፎች ታዩኝ።

«ምቺ» አልኩ። «ሸሚዙን የቀደደው ለጨዋታ አይደለም።»

ቀና ብላ አየችኝ። አየችኝና መታች። ቃሉን እስከ መጨረሻው አለችው። ዳቦው ተፈረካከሰ፣ ጧፉ ጠፋ።

ጸሐፊው ጻፈ። ደወል ተደወለ። ዶን ጉቲየሬ ክንዷን ይዞ በጨዋ ሴት ማዕረግ «ዶኛ ብሪያንዳ» አላት፤ ሰዉም መንገድ ለቀቀላት። ወዲያው አንዱ አሽከሩ ኮርቻውን ሊወስድ መጣ።

«ወዴት?» አልኩት።

«ይቃጠል ተብሏል።»

«ባላገርነቱን ለሟቹ መለሳችሁለት አይደል? የሟቹ ዘመድ እኔ ነኝ። ይሄ የእኔ ነው።»

አሽከሩ ወደ ጸሐፊው ዞረ። ጸሐፊው ትንሽ አሰበና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ኮርቻውን በራሴ ጀርባ ተሸክሜ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ እውነትም አይቆረቁርም።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ቶዳ ዶኛ ቶዳ ፎንቴቻ ሆነች፣ ባለ ብዙ ርስት ሰው አገባች፣ ተኩላዎቹ ከበሩ በላይ ወጡ፣ በቅዱስ ሚያን ውስጥ የራሳቸውን የመቃብር ቤት አሠሩ። ማንም አልነካትም። እናቷ ከፊት ወንበር ተቀመጠች። በባሏ መቃብር ላይ መቀመጥ ቀርቶ አጠገቡ መቆም አትችልም ነበር፤ በሕጉ ባል የላትም። ሳልፍ ራሷን ዝቅ ታደርግልኛለች፣ እኔም እንደዚያው። አንድ ቃል አልተነጋገርንም፣ አሥራ አንድ ዓመት።

በዚያው ሳምንት የኮርቻውን ገበር ፈትቼ ሸሚዙን አውጥቼ አጥቤው ነበር። የግራ እጅጌው የለም። ከትከሻው ላይ በመቀስ ተቆርጧል። ይህ ሰው ይህንን የመሰለ ጨርቅ ምን ላይ አባከነው ብዬ ሟቹን ወንድሜን ተቆጣሁት።

ብሪያንዳ ያረፈች ቀን ቶዳ በእግሯ፣ ጥቁር ለብሳ ወደ ሱቁ መጣች።

«አክስቴ፣ እማዬ አረፈች። የምታጥበኝ ኡራካ ናት ብላ ተናዝዛለች።»

በተኩላዎቹ ሥር፣ በትልቁ በር ገባሁ። ገረዶቹ የሐር ልብሷን አወለቁላት። ሲያወልቁ እርስ በርስ ተያዩ። በግራ ክንዷ ላይ፣ ከክርኗ ከፍ ብሎ፣ ከዘመን ብዛት የተነሳ ጠይም የሆነ ጨርቅ ታስሯል። አንዷ ገረድ «ይህንን በሕይወት እያሉ ማንንም አያስነኩም ነበር» አለች። ጎንበስ ብዬ አየሁት። በጫፉ ላይ ሰማያዊ ክር አለ፤ ወፎቹ አልቀው ክንፋቸው ብቻ ቀርቷል።

ቆሜ ቀረሁ። ውሃው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

«ምንድን ነው አክስቴ?» አለችኝ ቶዳ። «እንፍታው?»

«ተይው» አልኳት። «የባሏ ነው።»

እሱን ሳልነካ ዙሪያውን አጠብኩ።